ፖለቲካ የገባበት ክስና 12ቱ ሰዎች

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የአንድ ታዋቂ ፖለቲከኛ ክስ በጁሪ፣ ማለትም ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው በሚወስኑ ተራ ዜጎች፣ ሲታይ ስከታተል ነበር። ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሏል። ሰውየውን የማይወድም የማይጠላም የለም። ታዲያ ከዚህ ሕዝብ መሃል 12 ገለልተኛ ሰው ከየት ይመጣል? ጓደኛዬ ነገሩ ጁሪው በተመረጠ ቀን ያለቀ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ይህን ለመቀበል ከብዶኛል። ማናችን ነን ልክ?»

ባጭሩ፣ እርስዎ ወደ እውነቱ ይቀርባሉ። ጓደኛዎም ግን ዝም ብሎ አላወራም። የሚፈራው ነገር በተግባር ደርሶ ያውቃል። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሳስተምር ከተማሪዎቼ ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄም ይኸው ነው። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ጥያቄዎ ውስጥ ያለችውን አንዲት ቃል እንያት። «ገለልተኛ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ጉዳዩ ምንም ያልሰማ፣ ምንም ስሜት የሌለው ሰው ነው። የሚፈለገው እንዲህ ያለ ሰው ከሆነ ጓደኛዎ ትክክል ነው፤ አይገኝም። ቢገኝ እንኳ እኔ በግሌ እንዲፈርድብኝ አልፈልግም። በዙሪያው ስለሚሆነው ነገር ቅንጣት ሐሳብ የሌለው ሰው የእኔ ጉዳይ እንዴት ይገደዋል? ደግነቱ ሕጉ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ሰው አይደለም።

አሜሪካ ይህን ጥያቄ ገና በ1807 ተጋፍጣዋለች። ተከሳሹ አሮን በር ይባላል፤ የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ነው። ክሱ አገር መክዳት ነበር። ችሎቱ ሳይጀመር ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን ለኮንግረስ በላኩት መልእክት የሰውየው ጥፋተኝነት አያጠራጥርም ብለው ነበር። ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ ላይ ጁሪ ሊመረጥ ሲል ስለ በር ያልሰማ ሰው ማግኘት ችግር ሆነ። ችሎቱን የመሩት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ማርሻል ነበሩ። እሳቸው ሁለት ዓይነት ሰዎችን ለዩ። ቀለል ያለ ግምት ያለው፣ ማስረጃ ሲሰማ ግምቱን ሊተው የሚችል ሰው መቀመጥ ይችላል። አቋሙ ሥር ሰድዶ ጆሮውን ለማስረጃ የዘጋ ግን አይችልም። በመጨረሻ በር ነጻ ወጣ። ፕሬዚዳንቱ አስቀድመው የፈረዱበትን ሰው ጁሪው ለቀቀው።

ሕጉ ዛሬም ከማርሻል ሐሳብ ብዙም አልራቀም። የጁሪ አባል አስተያየት ሊኖረው ይችላል። የሚጠበቅበት አስተያየቱን ወደ ጎን አድርጎ ችሎት ላይ በቀረበው ማስረጃ ብቻ መወሰን ነው።

እንግዲህ ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ይህን ማድረግ እንደሚችል በምን ይታወቃል? «እችላለሁ» ስላለ? በ1961 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው የኢርቪን ጉዳይ እዚህ ላይ ጥሩ ትምህርት ነው። ክሱ የግድያ እንጂ የፖለቲካ አልነበረም፤ ግን ኢንዲያና ውስጥ ያለው አካባቢ በወሬው ታምሶ ነበር። ለጁሪ ከተጠሩት 430 ሰዎች 268ቱ ጥፋተኛ ነው የሚል የቆረጠ አቋም ስላላቸው ተሰናበቱ። በመጨረሻ ከተቀመጡት 12 ሰዎች እንኳ 8ቱ ጥፋተኛ ይመስለናል ብለው ነበር። ሁሉም ግን በገለልተኝነት እንፈርዳለን አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ አይበቃም ብሎ ፍርዱን ሻረው። ሰውየው እንደገና ተዳኝቶ ጥፋተኛ ተባለ፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን በአግባቡ።

ሰው ስለ ራሱ ሚዛናዊነት የሚሰጠው ምስክርነት ደካማ ማስረጃ ነው። እየዋሸ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ስለ ራሱ አያውቅም። ለዚህ ነው የጁሪ ምርጫ ላይ ጥሩ ጠበቃ «ገለልተኛ መሆን ትችላለህ?» በሚለው ጥያቄ ጊዜ የማያጠፋው። ዜና ከየት ነው የምትሰማው? የትኛው ሰልፍ ላይ ወጥተህ ታውቃለህ? ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ምን ጽፈሃል? እውነቱ የሚገኘው ከእነዚህ ነው።

የዶናልድ ትራምፕ የኒው ዮርክ ክስ በ2024 ሲጀመር ይህ ሁሉ በግልጽ ታይቷል። ለመጀመሪያው ዙር 96 ያህል ሰዎች ማንሃተን ውስጥ ወዳለው ችሎት ገቡ። ዳኛው ገለልተኛ መሆን የማይችል ካለ እጁን እንዲያወጣ ሲጠይቁ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አወጡና ተሰናበቱ። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ «አያችሁ፣ አይቻልም» አለ። እኔ የተሰማኝ ተቃራኒው ነው። እነዚህ ሰዎች ሐቀኞች ነበሩ። «አልችልም» ብሎ የወጣ ሰው ማንንም አይጎዳም። የሚያስፈራው በልቡ ቂም ይዞ አፉ ላይ ማር የሚያስቀምጠው፣ ጁሪው ውስጥ ለመግባት የሚጓጓው ሰው ነው። እኔ ብሆን ከስድብ ይልቅ ጉጉትን እጠረጥራለሁ።

የቀሩት ደግሞ 42 ጥያቄዎችን መለሱ። ጠበቆቹ የድሮ የፌስቡክ ጽሑፎቻቸውን ሳይቀር ፈለጉ። እያንዳንዱ ወገን ያለ ምክንያት 10 ሰው የማሰናበት መብት ነበረው። ይህ ያለ ምክንያት የማሰናበት መብት ግን ራሱ አከራካሪ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮችን ከጁሪ ለማስወጣት ለዘመናት አገልግሏል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1986 በዘር ምክንያት ማሰናበትን ቢከለክልም ሌላ ሰበብ መፍጠር ቀላል ነው። አሪዞና ከ2022 ጀምሮ መብቱን ጨርሶ አስቀርታለች። እንግሊዝ በ1988 ሕግ፣ ካናዳ ደግሞ በ2019 ትተውታል።

እሺ፣ 12ቱ ተመርጠው ተቀመጡ እንበል። ፖለቲካቸውን በር ላይ ጥለው ይገባሉ? አይጥሉም። ዋናው የምለው ነገር እዚህ ጋ ነው፦ ፖለቲካ የጁሪውን ፍርድ ምን ያህል እንደሚያጣምም የሚወስነው በአብዛኛው የማስረጃው ጥንካሬ ነው።

ይህን የምለው ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። ሃሪ ካልቨን እና ሃንስ ዛይዝል የተባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1966 ትልቅ ጥናት አሳትመው ነበር። ከ3,500 በላይ የወንጀል ጉዳዮች ላይ ችሎቱን የመሩትን ዳኞች «ጁሪ ባይኖር እርስዎ ምን ይወስኑ ነበር?» ብለው ጠየቁ። ከመቶ 78 በሚሆነው ጉዳይ ዳኛውና ጁሪው አንድ ዓይነት መልስ ነበራቸው። ሲለያዩ ብዙውን ጊዜ ለተከሳሹ የሚራራው ጁሪው ነው። ከቁጥሩ በላይ እኔን የሳበኝ ግን ሌላው ግኝታቸው ነው። ማስረጃው ወደ አንድ ወገን በግልጽ ሲያደላ የጁሪ አባላት የግል ስሜት ቦታ ያጣል። ማስረጃው አፋፍ ላይ ሲሆን፣ ወዲህም ወዲያም ሊባል ሲችል፣ ያኔ ስሜት ነጻነት ያገኛል። ሰው የሚያምንበትን ነገር በዚያች ክፍተት ያስገባል። ሳይታወቀው ነው የሚያደርገው።

ፖል ማናፎርትን ያስታውሱ። የትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። በ2018 አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ላይ በግብር ማጭበርበር እና በባንክ ማጭበርበር 18 ክሶች ቀረቡበት። ጁሪው በ8ቱ ጥፋተኛ አለው፤ በ10ሩ መስማማት አልቻለም። ከፍርዱ በኋላ አንዲት የጁሪ አባል ቴሌቪዥን ላይ ወጥታ የትራምፕ ደጋፊ መሆኗን ተናገረች። ሰውየው ጥፋተኛ ባይሆን ደስ ይላት እንደነበር አልደበቀችም። ግን ሰነዱን አየች። ሰነዱ ደግሞ በባንክ ሒሳብና በፊርማ የተሞላ ነበር። አሥሩ ክሶች ላይ ስምምነት የጠፋው አንድ ሰው ጥርጣሬ ስላደረበት እንደሆነ የተናገረችውም እሷ ነች። የእሷን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ከራስ ምኞት ጋር ተጣልቶ መፍረድ ቀላል አይደለም።

በሌላው ወገንም ተመሳሳይ ነገር አለ። የያኔው ፕሬዚዳንት ባይደን ልጅ ሃንተር ባይደን በ2024 ዊልሚንግተን፣ ዴላዌር ላይ ተዳኘ። ከተማዋ የአባቱ የፖለቲካ ቤት ናት። ቀዳማዊት እመቤቷ ችሎቱ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ጁሪው ግን በ3ቱም የጦር መሣሪያ ክሶች ጥፋተኛ አለው።

አንድ ልጨምር። የትራምፕ ደጋፊዎች ጥር 6፣ 2021 የኮንግረሱን ሕንፃ፣ ካፒቶልን፣ ጥሰው ከገቡበት ረብሻ በኋላ ብዙ ተከሳሾች ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ፍትሕ አናገኝም ብለው አመለከቱ። ስጋታቸው ይገባኛል። ከተማዋ በ2020ው ምርጫ ከመቶ 92 ለባይደን የመረጠች ናት። ፍርድ ቤቶቹ ጉዳዩን ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር ፈቃደኛ አልሆኑም። ታዲያ በረብሻው የተከሰሱት የኦዝ ኪፐርስ ታጣቂ ቡድን አባላት ጁሪ ፊት ሲቀርቡ ምን ሆነ? ኅዳር 29፣ 2022 በተሰጠው ውሳኔ ከ5ቱ ተከሳሾች 2ቱ በመንግሥት ላይ በማሴር ጥፋተኛ ተባሉ። 3ቱ ከዚሁ ክስ ነጻ ሆኑ፤ በሌሎች ክሶች ግን ጥፋተኛ ተብለዋል። በጥላቻ የታወረ ጁሪ ቢሆን አምስቱንም በአንድ ሙቀጫ በወቀጠ ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን ሰው ከሰው፣ ክስ ከክስ ለዩ።

ጓደኛዎ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ምንም ችግር የለም ማለት ነው?» ሊል ይችላል። አለ እንጂ። ከስዊድን አንድ ምሳሌ ላምጣ። እዚያ ጁሪ ሳይሆን ከዳኛው ጋር አብረው የሚቀመጡ 3 የሕዝብ ዳኞች አሉ። የሚመለምሏቸው የፖለቲካ ፓርቲዎች ናቸው። የጎተንበርግ ፍርድ ቤትን መዝገቦች የመረመሩ ተመራማሪዎች የሕዝብ ዳኞቹ ለመዝገቦች የሚመደቡት በዕጣ መሰል መንገድ በመሆኑ የፓርቲን ተጽዕኖ ነጥለው ማየት ቻሉ። ከብሔርተኛው ፓርቲ የመጣ ሰው ሲቀመጥ የዐረብ የሚመስል ስም ያላቸው ተከሳሾች ጥፋተኛ የመባል ዕድላቸው ጨመረ። ከግራው ፓርቲ የመጣ ሰው ሲቀመጥ ደግሞ ተበዳይዋ ሴት በሆነችባቸው መዝገቦች የጥፋተኝነት ውሳኔ ጨመረ። ሁለቱም ወገን ላይ ነው የታየው። የእኛ ወገን ብቻ ንጹሕ ነው ለሚል ሰው ይህን ጥናት አስታውሰዋለሁ።

ጁሪ ከዚህ የሚያመልጥበት መንገድ ካለው ቅልቅል መሆኑ ነው። አንድ ዓይነት ሰዎች ብቻ ተሰብስበው ሲመክሩ ማንም ማንንም «ይህን ከየት አመጣኸው?» አይልም። ፍሎሪዳ ውስጥ የተደረገ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ለጁሪ በተጠሩት ሰዎች መሃል አንድም ጥቁር በሌለበት ጊዜ ጥቁር ተከሳሾች ከነጮቹ ይልቅ በ16 መቶኛ ነጥብ ያህል ጥፋተኛ ይባሉ ነበር። ከተጠሩት መሃል አንድ ጥቁር እንኳ ሲኖር ልዩነቱ ጠፋ። አንድ ሰው! ለዚህ ነው ሁሉም በሙሉ ድምፅ ይስማሙ የሚለውን ደንብ አጥብቄ የምደግፈው። አብላጫ ድምፅ ከበቃ ያንን አንድ ሰው መስማት አያስፈልግም። አሜሪካ የሙሉ ድምፁን ደንብ ለከባድ ወንጀሎች በሁሉም ግዛቶች ያጸናችው በ2020 ብቻ ነው።

ቅልቅሉ ሲጠፋ የሚሆነውን ደግሞ ታሪክ መዝግቦታል። በ1955 ሚሲሲፒ ውስጥ ኤሜት ቲል የተባለ የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ ተገደለ። ጁሪው 12 ነጭ ወንዶች ነበሩ። 67 ደቂቃ ብቻ መክረው ሁለቱን ተከሳሾች ነጻ ለቀቁ። ሁለቱ ሰዎች በማግስቱ ዓመት ገንዘብ ተቀብለው ልጁን መግደላቸውን ለመጽሔት ተናገሩ። እዚያ ማስረጃ አልጎደለም። የጎደለው ክፍሉ ውስጥ ሊገባ ያልተፈቀደለት ሰው ነው።

ስለዚህ ጉዳዩን ወደ ሌላ ከተማ ማዛወር ሁልጊዜ መድኃኒት አይደለም። የኦክላሆማ ሲቲው ፍንዳታ ክስ በ1996 ወደ ዴንቨር መዛወሩ ተገቢ ነበር፤ ከተማው በሙሉ ሐዘን ላይ ነበርና። ሮድኒ ኪንግ የተባለውን ጥቁር ሰው የደበደቡት ፖሊሶች ክስ ግን ከሎስ አንጀለስ ወደ ሲሚ ቫሊ ሲዛወር ጁሪው ውስጥ አንድም ጥቁር አልተገኘም። በሚያዝያ 1992 ፖሊሶቹን የለቀቀው ፍርድ ሲሰማ ሎስ አንጀለስ ተቃጠለች። ቦታ ስትቀይር ሰውም ትቀይራለህ። ይህን የሚረሱ ጠበቆች ብዙ ናቸው፤ የማይረሱትም ቢሆኑ ሆን ብለው ይጠቀሙበታል።

ከአድልዎ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ፍርሃት ነው። ስለ እሱ ብዙ አይወራም። አድልዎ ያለው ሰው ማስረጃ ሊያሳምነው ይችላል። ልጆቹ እንዳይጎዱ የሚፈራን ሰው የትኛው ማስረጃ ያሳምነዋል? ሰሜን አየርላንድ ውስጥ በግጭቱ ዘመን የጁሪ አባላት ላይ የሚደርሰው ማስፈራራት ስለበዛ ከ1973 ጀምሮ ከግጭቱ ጋር የተያያዙ ክሶች ያለ ጁሪ በአንድ ዳኛ ይታዩ ነበር። በትራምፕ ክስም የጁሪ አባላቱ ስም ለሕዝብ አልተገለጸም። ያም ሆኖ አንዲት የተመረጠች ሴት ዜና ላይ በወጣው መረጃ ሰዎች እንዳወቋት ተናግራ፣ ከዚህ በኋላ በነጻነት መፍረድ መቻሏን ተጠራጥራ ወጣች። ደግ አደረገች። ግን ያንን መረጃ ማውጣት ለምን አስፈለገ?

ዳኛው እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ አለበት። ጆርጅ ፍሎይድን በመግደል የተከሰሰው ፖሊስ የዴሪክ ሾቪን ክስ ላይ የጁሪ ምርጫው ሳያልቅ የሚኒያፖሊስ ከተማ ለጆርጅ ፍሎይድ ቤተሰብ 27 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል መስማማቷ ተሰማ። ዜናው ለተከሳሹ መርዝ ነበር። ዳኛው ቀድመው የተመረጡትን 7 ሰዎች አንድ በአንድ ጠርተው እንደገና ጠየቁ። 2ቱን አሰናበቱ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ የሚያድነው ግን እሱ ነው።

አንዳንዶች «ታዲያ ጁሪውን ትተን ለዳኛ ብንሰጠውስ?» ይላሉ። ህንድ ውስጥ በ1959 ናናቫቲ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን በግድያ ተከስሶ፣ ጋዜጣና ሕዝብ የተረባረበበት ጁሪ 8 ለ1 ነጻ አለው፤ አገሪቱ በመጨረሻ ጁሪን ያስቀረችው ከዚህ በኋላ በተነሣው ጥያቄ ጭምር ነው ይባላል። ዳኛ የተማረ ነው፤ ምክንያቱን ጽፎ ይሰጣል፤ ይግባኝ ለማለትም ይመቻል። ይህን አልክድም። ግን ዳኛን የሚሾመው ማን ነው? ፖለቲካዊ ክስ ሲሆን ከሳሹ መንግሥት፣ ዳኛውን የሾመውም መንግሥት ሊሆን ይችላል። የ12 ሰው ጥቅም እዚህ ላይ ይታየኛል፤ ነገ ወደየቤታቸው ይበተናሉ፤ የሚጠብቁት ሹመት የለም።

በ1670 ለንደን ውስጥ ዊልያም ፔን ጎዳና ላይ ስለሰበከ ሲከሰስ ጁሪው ጥፋተኛ አንለውም አለ። ዳኞቹ ተቆጡ። የጁሪ አባላቱን ያለ ምግብና ያለ ውሃ ቆለፉባቸው። እነሱ ግን አልተንበረከኩም። ተቀጡ፤ ኤድዋርድ ቡሸል የተባለው አልከፍልም ብሎ ታሰረ። በመጨረሻ የጁሪ አባል በፍርዱ ምክንያት ሊቀጣ አይችልም ተብሎ ተወሰነ። በ1985 ደግሞ የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን የነበረው ክላይቭ ፖንቲንግ ቤልግራኖ ስለተባለችው የአርጀንቲና የጦር መርከብ መስጠም የሚያወሱ ሰነዶችን ለምክር ቤት አባል መስጠቱን አምኖ ሳለ፣ ዳኛው ሕጉ አያድነውም የሚል መመሪያ ሰጥተው ሳለ፣ ጁሪው ነጻ ለቀቀው።

እነዚህ ሁለቱ ያኮሩኛል። ግን የፔንን ጁሪ ጠንካራ ያደረገው ሥልጣን የኤሜት ቲልን ገዳዮችም ለቋል። ሁለቱም «ሕጉ ምንም ይበል፣ እኛ የምንለው ይህን ነው» አሉ። ስለዚህ ጁሪ ሕጉን እያወቀ አልፎ እንዲሄድ የሚሰብኩ ሰዎችን መከተል አልቻልኩም። ሥልጣኑ መኖሩን እቀበላለሁ፤ ማበረታታቱን ግን እፈራለሁ።

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይባላል። የተሸነፈው ወገን ፍርዱን ባይወድ ችግር የለውም። ተሰምቼ ነው የተፈረደብኝ ማለት ከቻለ ይበቃል። ይህን የሚያደርገው ደግሞ ውጤቱ ሳይሆን ሂደቱ ነው።

እንግዲህ ከጓደኛዎ ጋር ስትከራከሩ ፍርዱን ትታችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ጠበቆቹ ሰዎቹን ለመጠየቅ በቂ ጊዜ ተሰጣቸው? ጁሪው ከአንድ ዓይነት ሕዝብ ብቻ ነው የወጣው? ክሶቹን ለያይቶ አየ ወይስ በጅምላ ወሰነ? ማስረጃው ሰነድ ነው ወይስ አንድ ሰው በሌላው ላይ የተናገረው ቃል ብቻ? የመጨረሻውን ከሆነ የጓደኛዎን ጥርጣሬ ከሌላው ጊዜ የበለጠ አከብረዋለሁ፤ ክፍተቱ ሰፊ ነውና። ደግሞ ጁሪው እየመከረ ሳለ ለዳኛው የሚልከውን ማስታወሻ ተከታተሉ። በትራምፕ ክስ የጁሪ አባላቱ መምከር በጀመሩበት ቀን የሁለት ምስክሮች ቃል በከፊል እንዲነበብላቸውና የዳኛው የሕግ ማብራሪያ እንዲደገምላቸው ጠይቀው ነበር። ጓደኛዎ ያ ጁሪ ገና ሲመረጥ ወስኖ ነበር ካለ፣ ምስክርነቱን እንደገና መስማት ለምን እንዳስፈለገው ይጠይቁልኝ።